ለመውጣት ፈቃድ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በጋሽ ካውያ ላይ የደረሰው ግን ከተረቱም የባሰ ነው፤ የወጋውም አልረሳለት፣ ጭራሽ አለቃ ሆኖ መጣበት።

ጋሽ ካውያ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ከካውያ ጋር የፈጀ ሰው ነው። የመዝገብ ስሙን ሚስቱም ብትጠየቅ ትንሽ ታስባለች። እንፋሎት ፊቱን አብስሎታል፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ወርዷል፤ የአንሶላ ጠርዝ ሲያጥፍ ግን ቢላ የቆረጠው ይመስላል። ሠራተኛው ሁሉ በዚህ ስሙ ያከብረዋል። ሌላ ስም የሚያውቅለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥሎ የሚዞረው ተቆጣጣሪ፣ ባለቁልፍ የሚሉት። ባለቁልፍ መተላለፊያው ላይ ለብቻው ሲያገኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዴት ዋልክ፣ ሜይ አይ» ይለዋል። ቁልፎቹም አብረውት ይስቃሉ።

ነገሩ የልጅነት ነው። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። በትምህርት ቤቱ ደንብ ሽንቱ የመጣ ልጅ ተነስቶ በእንግሊዝኛ «ሜይ አይ ጎ አውት» ካላለ፣ ማለትም ልውጣ ወይ ብሎ ካልጠየቀ፣ በሩን አያልፍም። ሽንት እንግሊዝኛ ይችል ይመስል። አንድ ቀን ጋሽ ካውያ፣ ያኔ ገና ካውያም ጋሼም ሳይሆን፣ ተነሳና «ሜይ አይ…» አለ። ቀሪው ከአፉ ጠፋ።

«ጨርሰው» አለ አስተማሪው።

«ሜይ አይ…»

«ሙሉውን።»

ሦስተኛው ላይ ፈቃድ ሳይጠበቅ ወጣ። ከቁምጣው ወርዶ፣ ሲሚንቶው ላይ መንገድ አበጅቶ እስከ ፊተኛው ዴስክ ዘለቀ። ቀድሞ የሳቀው ማን ሆነና፤ ጋሽ ካውያ በየቀኑ ዳቦውን እየገመሰ የሚያበላው የዴስክ ጓደኛው ነው። «ሜይ አይ» የሚለውንም ስም ያወጣለት እሱ ነው። ስሙ ሰፈር ድረስ ሲከተለው ጋሽ ካውያ ትምህርቱን ተወ። ዳቦ በሊታው ግን ቀጠለ፣ ተመረቀ፣ ቁልፍ ታጥቆ መጣ። ዓለም እንዲህ ናት፤ ዳቦውን ለሰጠ አትፈርድም።

አሁን ደግሞ አዲስ ማሽን ሊገባ ነው። አንሶላውን በአንድ ወገን እርጥቡን ይበላና በሌላው ወገን አጥፎ ይተፋዋል አሉ። የእጅ ካውያዎቹ ሊነሱ ነው፤ ሰባት ልብስ ተኳሽ ባለበት ክፍል የሚቀረው ሦስት ሰው ነው። ሌላው ወደ ግቢ ሥራ፣ ወደ ጭነትና ጠረጋ ይመደባል፤ የጋሽ ካውያ ትከሻ ደግሞ ጭነት የሚችል አይደለም። በማሽኑ የሚያሠለጥነው ባዕድ ሰው ከእንግሊዝኛ ውጪ ስለማይችል፣ ሥራ አስኪያጁ «መጠየቅና መመለስ የሚችሉ ሦስት ሰዎች አምጡልኝ» ብሎ፣ አስተምራና ፈትና የምትመርጥ መምህርት ቀጠረ።

ትምህርቱ በሠራተኛው መመገቢያ አዳራሽ፣ ምሳ ከተነሳ በኋላ ነው። መምህርቷ ወጣት፣ ቀጭን፣ ፈገግታዋን ለበዓል ያስቀመጠች የምትመስል ሴት ናት። ሕጓ አጭር ነው። አዳራሹ ውስጥ አማርኛ አይነገርም። አንድ ጊዜ ያመለጠው ይቅር ይባላል፣ ሁለተኛ ከደገመ ይሰረዛል። ፈቃድ ሳይጠይቅ የወጣም እንደወጣ ይቀራል። ይህን የሚያስከብረው ባለቁልፍ ሲሆን፣ ወንበሩን በሩ ሥር አድርጎ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።

ጋሽ ካውያን ቤት ውስጥ የምታስጠናው ትንሿ ልጁ ናት፣ ሚጢ። ከሥራ ሲመለስ ደፍ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ትጠብቀዋለች።

«አባባ፣ ጥያቄውን።»

«ልጄ፣ እግሬ አብጧል፣ ልግባ።»

«በእንግሊዝኛ።»

«ሜይ አይ ከም ኢን?»

«የስ፣ ዩ ሜይ» ትልና ትከፍትለታለች።

«የገዛ ቤቱን አስፈቅዶ የሚገባ አባወራ በአንተ አየሁ» ትላለች ሚስቱ ከምድጃው አጠገብ።

ሚጢ ከትምህርት ቤት የቃረመችውን ሁሉ ታጎርሰዋለች። አልገባኝም ለማለት እንዲህ፣ ድገሙልኝ ለማለት እንዲያ። የሚስቱ ጆሮ የገባው «አይ ዶንት ዋንት» ብቻ ነው፤ አልፈልግም ማለት ነው። ወደደቻት። ካልሲዬን አቀብዪኝ ሲላት አይ ዶንት ዋንት፣ ሻይ ድገሚኝ ሲላት አይ ዶንት ዋንት። «ከትምህርቱ ሁሉ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ» ትላለች።

«ይሄኛው ደግሞ ጥሩ ነው አባባ» አለችው ሚጢ በፈተናው ዋዜማ። «‹ሀው ዱ ዩ ሴይ› ትልና የማታውቀውን በአማርኛ ታስገባለህ፣ መጨረሻ ላይ ‹ኢን ኢንግሊሽ› ትላለህ። በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ማለት ነው። ሀው ዱ ዩ ሴይ ማንኪያ ኢን ኢንግሊሽ።»

«አማርኛ ተናገርክ አይሉኝም?»

«ለሱ ብቻ አይሉህም። ቲቸሯም መመለስ ግዴታዋ ነው።»

«ሀው ዱ ዩ ሴይ ሰነፍ ባል?» አለች ሚስቱ።

ሦስቱም ሳቁ። ሚጢ ሳቋን ሳትጨርስ፣ «እሺ፣ አሁን ሜይ አይ ጎ አውት በል» አለች።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ረገፈ። «እሷን ተያት።»

«ፈተና ላይ ብትመጣስ?»

«አትመጣም።»

«አባባ፣ ሁሉም ሰው የሚችላት እሷን እኮ ነው።»

«ሜይ አይ…» አለ። ጎንበስ ብሎ እግሩን ማሸት ጀመረ። ሚስቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው። አልነገራትም፤ ከተጋቡ ጀምሮ ለማንም አልነገረም። «ደክሞኛል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ፣ የፈተናው ሰዓት ሲቃረብ መብራት ጠፋ። ተኳሾቹ እሰየው ብለው እጃቸውን እየታጠቡ ወጡ። ጋሽ ካውያ ግን አንድ ሰፊ የጠረጴዛ ልብስ ጀምሮ ነበርና በግማሹ ትቶ መሄድ አልሆነለትም። መብራት ሲጠፋ የካውያው ሙቀት ቶሎ አይሄድም። ልምድ ያለው ተኳሽ ያን ትራፊ ሙቀት አያባክንም፤ ለጠንካራ እጥፋት ካውያውን ጨርቁ ላይ አስተኝቶ ክብደቱን ጥሎበት ይተወዋል፣ እስኪበርድ ይጫነዋል። ታዲያ ትቶት ከመሄዱ በፊት ሶኬቱን መንቀል አለበት። ይህን መንቀል ሳይነገረው የሚያደርገው ነገር ነበር፣ እንደ መተንፈስ። ያን ቀን ግን አፉ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር እየተንከባለለች ነበር። ሜይ አይ ጎ፣ ሜይ አይ ጎ። ካውያውን አስተኛ፣ እጁን ጠረገ፣ እያጉተመተመ ወጣ።

አዳራሹ በመስኮት ብርሃን ብቻ ደንገዝ ብሏል። መምህርቷ ከፊት ቆማ አንድ በአንድ እያስነሳች ትጠይቃለች። ረጅሙ አጣቢ ያልገባው ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚል ተጠይቆ፣ አይ ዶንት አንደርስታንድ በማለት ፋንታ በእውነት ሳይገባው ቀርቶ ዝም አለ። ቀጥሎ የተነሳችው እትዬ ስታርች ናት፣ ከተኳሾቹ ሁሉ አንጋፋዋ፣ የሸሚዝ አንገት በስታርች ስታደርቅ የሚስተካከላት የለም። በመነጽሯ ላይ አሻቅባ እያየች የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች፤ ጋሽ ካውያ ከሷ ቀጥሎ ነው።

ያን ጊዜ ጣሪያው ላይ ያለው ረጅም አምፖል ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ በራ። ጥግ ላይ ያለው ፍሪጅ አጉረመረመ። መብራት መጣ።

ጋሽ ካውያ ያኔ ትዝ አለው። ካውያው።

ሶኬቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ፣ ካውያው ጨርቁ ላይ በሆዱ እንደተኛ በዓይነ ኅሊናው ታየው። ጨርቁ መጀመሪያ ክሬም ይመስላል። ቀጥሎ ቡናማ። ከሥሩ ደግሞ የተደረበ ብርድ ልብስ፣ ከሱ ሥር ጣውላ፣ ዙሪያውን እስከ ጣሪያ የተከመረ ደረቅ አንሶላ። ከመመገቢያ አዳራሹ እስከዚያ መተላለፊያውን አልፎ አንድ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው።

ሮጦ ቢወጣ ይሰረዛል፤ በሩ ላይ የተዘረጋው እግር ለዚህ ነው የተዘረጋው። ካውያ ረስቼ መጣሁ ብሎ ቢጮኽም ያው ነው፤ ካውያ ለሚረሳ ሰው ማነው አዲስ ማሽን የሚሰጠው? ግን ሽንቱ እንደመጣበት ሰው በጨዋ ደንብ ጠይቆ ቢወጣ፣ ሶኬቱን ነቅሎ ቢመለስ፣ ማን ያውቃል? እንዲህ ያለ ቀላል ነገር። አራት ቃል። ሚጢ ተኝታ የምትላቸው አራት ቃል።

እጁን አወጣ።

«የስ?» አለች መምህርቷ።

ተነሳ። «ቲቸር… ሜይ አይ…»

አዳራሹ ዞር ብሎ አየው። በሩ ሥር የቁልፍ ዘለላው ቀስ ብሎ ተንሿሿ። ባለቁልፍ እግሩን ሰብስቦ ቀና ብሏል፤ ፊቱ ላይ ያ የዴስክ ጓደኛ፣ ከንፈሩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ያለበት ልጅ ተመልሶ መጥቷል።

«ሜይ አይ…»

ቀሪው የት ሄደ? አሁን ነበረ እኮ፣ ከንፈሩ ላይ። ጭኑ ላይ የሞቀ ነገር የወረደ መስሎት በድንጋጤ ወደ ሱሪው አየ። ደረቅ ነው።

«ኮምፕሊት ዘ ክዌስችን፣ ፕሊስ» አለች መምህርቷ። ጨርሰው ማለቷ ነው። ሙሉውን።

ባለቁልፍ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ለጋሽ ካውያ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ እንደ ድሮው ሕፃን የሚያሸና አስመስሎ በከንፈሩ «ሽሽሽ» አለ።

«መምህርት፣ ካውያው—» አለ ጋሽ ካውያ።

«ኢን ኢንግሊሽ!»

ባለቁልፍ አንድ ጣቱን ቀሰረ። አንድ። ሁለተኛዋን እየጠበቀ ጣቱን አላወረደም።

ሽታው መጣ። ሌላው ሰው አልሰማውም፤ የአዳራሹ አፍንጫ ገና የምሳው ሽታ ውስጥ ነው። የተኳሽ አፍንጫ ግን ሌላ ነው። ጥጥ መቃጠል ሲጀምር እንደ ቆሎ ይሸታል፣ ያ ሲያልፍ እንደ ፀጉር። ቆሎው አልፎ ነበር።

እትዬ ስታርችም አፍንጫዋን ነፋ አደረገችና በመነጽሯ ላይ አየችው። አማርኛ መናገር አትችልም፤ ከሦስቱ ቦታ አንዱ በእጇ ሊገባ ነው። ዓይኗ ግን «ያንተ ነው?» አለው።

ያን ጊዜ በምላሱ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር እንደማትመጣ አወቀ። እስኪሞት ድረስ አትመጣም፤ እሷን ሲጠብቅ ቤቱ ይነድዳል። የምትመጣው ሌላዋ ነበረች፣ መሀሏ ላይ አማርኛ የሚያስገቡባት። እሷን ከተናገረ ግን ተደብቆ መውጣት ቀረ፤ ጥፋቱን በገዛ አፉ፣ በዚህ ሰው ፊት ሊያሰጣው ነው። ጥርሱን ነከሰ። ወደ በሩ አላየም።

«ቲቸር» አለ። «ሀው ዱ ዩ ሴይ ‹ካውያዬን ሳልነቅል መጥቻለሁ፣ ታች ቤቱ እየተቃጠለ ነው› ኢን ኢንግሊሽ?»

ባለቁልፍ ሁለተኛውን ጣት ቀሰረ። ወዲያው ደግሞ ግራ ገባውና ግማሽ ላይ አጠፈው። ጥያቄው በሕግ የተጠየቀ ነው፤ መምህርቷ ራሷ አማርኛ የፈቀደችው ለሷ ብቻ ነው።

እሷም ከልማዷ፣ «ማይ አይረን ኢዝ…» ብላ መተርጎም ጀመረች። ሦስት ቃል እንደሄደች ዓይኗ ፈጠጠ። «ጎ!» አለች። «ጎ! ምን ትጠብቃለህ፣ ሂድ!»

እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ። የባለቁልፍን ጉልበት ገጭቶ አለፈ፤ ሌላው ሁሉ ተከተለው። ደረጃው ላይ ጭሱ ተቀበላቸው። ጨርቁ በካውያው ቅርጽ ልክ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ የምትመስል ትንሽ ነበልባል ወደ ብርድ ልብሱ እየገባች ነበር። ጋሽ ካውያ ሶኬቱን ነቀለ። ካውያውን በእጀታው ሊያነሳ ሲል እጀታው ለስልሶ መዳፉ ላይ ተጣበቀ፤ ቢሆንም ሲሚንቶው ላይ አደረሰው። እትዬ ስታርች ከቅርጫቱ እርጥብ አንሶላ ጎትታ ወረወረችበት፣ ረጅሙ አጣቢ ሌላ ደረበ። ጭሱ አንዴ ወፍሮ ወጣና ሞተ።

ሁሉም ያስላል። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፎቹ እየተንሿሹ ደረጃውን የወረዱት።

ባለቁልፍ ጭሱን በእጁ እያባረረ የጠቆረውን ጣውላ አየ፣ ጋሽ ካውያን አየ። «ሜይ አይ» አለ። በዚህ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ዛሬም አመለጠህ?»

የሳቀ የለም፤ ያልገባቸው ነገር እንዴት ያስቃቸዋል።

«ምንድን ነው ሜይ አይ?» አለች እትዬ ስታርች።

ባለቁልፍ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጋሽ ካውያ ቀደመው። መዳፉ እየነደደ ነበርና አፉን የሚያለዝብበት ጊዜ አልነበረውም። «ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ ሽንቴ አምልጦኛል። ልውጣ የሚለውን በእንግሊዝኛ መጨረስ አቅቶኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ነው፤ ያወጣልኝ እሱ ነው። ጎኔ ቁጭ ብሎ ዳቦዬን ይበላ ነበር።»

የእርጥቡ አንሶላ ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ይኸው ነው?» አለች እትዬ ስታርች። «እኔ አሁንም ስስቅ ያመልጠኛል። ሲያስለኝማ አታንሳው። ለዚህ ደግሞ ስም ይወጣል እንዴ?» መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች። «ስም የሚወጣው ለዳቦ በሊታው ነበር።»

ረጅሙ አጣቢ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ በአፍንጫው ወጣበት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ካውያ ይህን ዓይነት ሳቅ ያውቀዋል፣ ሆዱ ውስጥ ገብቶ የሚጎትት ሳቅ፤ አሁን ግን አቅጣጫው ወደ ሌላ ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ አላለውም። ዕድሜ ልኩን የተሸከመው ነገር እንዲህ በአንዲት ቀልድ የሚራገፍ ከሆነ ለምን ተሸከምኩት ብሎ ተናደደ።

ባለቁልፍ አልሳቀም። «ፈቃድ ሳይሰጠው ወጥቷል» አለ ወደ መምህርቷ ዞሮ። «ንብረትም አቃጥሏል። ይሰረዝ።»

«የተቃጠለው የሥራ አስኪያጁ ጉዳይ ነው» አለች መምህርቷ። «እኔ የምፈትነው መጠየቅና መመለስ ነው። ጠየቀኝ፣ ጎ አልኩት። ፈተናው አላለቀም፤ ተመለሱ።»

አዳራሹ በር ላይ እያንዳንዳቸው ሜይ አይ ከም ኢን እያሉ ገቡ። ጋሽ ካውያ መዳፉን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ጠየቀ፣ የስ ዩ ሜይ ተባለ፣ ገባ። መምህርቷ ተራው ነውና እንደቆመ ጠየቀችው። አልገባኝም እንዴት ይባላል? ተናገረ። ድገሙልኝ? ተናገረ። መዳፉ ይጠዘጥዘዋል፣ ቃል ግን አልሳተም።

«ላስት ዋን» አለች። የመጨረሻዋ። ለመውጣት ፈቃድ ጠይቀኝ አለችው በእንግሊዝኛ። ለሌሎቹም ሁሉ ያቀረበችው ናት፤ በክፋት አልነበረም።

ባለቁልፍ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

ጋሽ ካውያ አፉን ሲከፍት ዓረፍተ ነገሯ ነበረች። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ተዘርግታ፣ አንድ እጥፋት ሳይኖርባት። ስንት ዘመን ስትፈለግ የጠፋች አሁን ያለ ጥሪ መጣች። ዓረፍተ ነገሯን አያት። ቤቱ ውስጥ ማማሰያ ይዛ የቆመችው ሚስቱም ታወሰችው።

«ኖ፣ ቲቸር» አለ። «አይ ዶንት ዋንት ቱ ጎ አውት።»

መውጣት አልፈልግም።

መምህርቷ ከወረቀቷ ቀና አለች። «ዋይ?» አለችው። ለምን? ይህ ጥያቄ ትምህርቱ ውስጥ አልነበረም፣ መልሱንም ሚጢ አላስጠናችውም። ጋሽ ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አዞረና ባለቁልፍን አየው።

«ሀው ዱ ዩ ሴይ ‹ይበቃኛል› ኢን ኢንግሊሽ?»

«ኢነፍ» አለች መምህርቷ፣ በዝግታ።

«ኢነፍ» አለ ጋሽ ካውያ ባለቁልፍን እያየ።

ቁልፎቹ ድምፅ አላሰሙም። «ሲት ዳውን» አለች መምህርቷ፤ ተቀመጠ።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ካውያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ የሚገባው ነበርና አልተከራከረም። መምህርቷ ግን ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው አለች፣ ሌላዋ እትዬ ስታርች። ማሽኑ ሲገባ እጁ ገና በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው የመጀመሪያውን አንሶላ ያጎረሰው። ከዚያ ወዲህ ባለቁልፍ መተላለፊያው ላይ ሲያገኘው፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ «እንዴት ዋልክ ጋሽ ካውያ» ይለዋል። ጋሽ ካውያም እግዜር ይመስገን ብሎ ያልፋል። ባለቁልፍ ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀውም፣ በየትኛውም ቋንቋ።